ከዳቦው መደርደሪያ ጀርባ

ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጬ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ ናቸው። ገና ድክድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ የሰጧትን ሁሉ አሽትታ ካላረጋገጠች ወደ አፏ አታስጠጋም ነበር። ወተት ሊበላሽ ሲል ከእናቷ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እንግዳ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። አባቷ በዚህ ይስቁ ነበር፤ እናቷ ግን «ይቺ ልጅ እንዲህ ሆና ባል አይገኝላትም» እያሉ ይሰጉ ነበር። እናትየው አልተሳሳቱም። ካደገች በኋላ አንድ ደህና ሰው አጭቷት ሳለ ብዙም ሳትቆይ ትታው መጣች። «ደግሞ ምን ጎደለው?» ቢሏት፣ «የጎደለውማ የለም፤ የተረፈው ነው ያስመረረኝ። አፉም ብብቱም ተርፎታል» አለች።

ከሽታ ሁሉ ግን የበረሮን ሽታ ያህል አንጀቷን የሚያላውሰው አልነበረም። ብዙ ሰው በረሮ የሚሸት አይመስለውም። አንድ ሁለቱ አይሸትም ይሆናል፤ ሲበዛ ግን የከረመ ዘይት፣ የረጠበ ካርቶንና ሳይታጠብ ያደረ የወለል መወልወያ አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል። አፍንጬ ሰው ቤት ሄዳ ገና ደጃፉን ስትረግጥ ትቆምና «እዚህ ቤት አሉ» ትላለች። ከዚያ በኋላ የቀረበላትን ሻይ እንኳን አትቀምስም። ለዚህም ነው ሰው ሁሉ እየወደዳት ቤቱ ሊጠራት የሚፈራው።

ታላቅ እህቷ ያገባችው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቤታቸው ፎቅና ምድር ሲሆን ምድሩ ዳቦ ቤት፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። ዳቦ ቤቱ ከፊት ባንኮኒ አለው፤ ከባንኮኒው ጀርባ የእንጨት መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ ቡናማ ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ግድግዳውን ሸፍኖታል። ከግድግዳው ማዶ ትልቁ ምድጃ ስለሆነ ኮምፔርሳቶው ክረምት ከበጋ ለብ እንዳለ ነው። ለሻጭ ጥሩ ነው፤ በብርድ ቀን ጀርባን ያሞቃል።

አፍንጬ ትሠራበት የነበረው የሻማ ፋብሪካ ሲዘጋ እህቷ፣ «እዚያ ቤትሽ ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታሸቺ፣ ነይና ባንኮኒው ላይ ቁሚልን» አለቻት። ሄደች።

መጀመሪያ ሰሞን ደስ አላት። ትኩስ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ሌላውን ሽታ ሁሉ ይውጠዋል። ከሰዓት በኋላ ምድጃው ጋብ ሲል ግን፣ ከዳቦው ሽታ ሥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ብቅ ማለት ጀመረ። ወዲያው አወቀችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት በረሮ አለ» አለችው ጋጋሪውን።

እሱ ሊጥ እየቆረጠ ነበር። ቀና እንኳን አላለም። «ዱቄት ካለበት በረሮ፣ ሥጋ ካለበት ዝንብ መቼ ይጠፋል? ያንቺ አፍንጫ ደግሞ የሌለውንም ይጨምርበታል» ብሎ ሳቀ።

አንድ ቀን ዱቄት ልታወጣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገባች። ክፍሉ መስኮት የለውም። የቤቱ ድንችም እዚያው በከረጢት ይቀመጣል፤ ከከረጢቱ አፍ የበሽተኛ ጣት የመሰለ ነጭ ቡቃያ ወጥቶ፣ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ቀጭን ብርሃን ሁሉም ባንድነት ተንጋደዋል። አፍንጬ ማብሪያውን ስትጫን ደግሞ የሌላው ወገን ጉድ ታየ። ድንቹ የሚናፍቀውን ብርሃን እነዚያ እንደ እሳት ሸሹት። ወለሉ የሸሸ ነው የመሰላት፤ ቡናማው ነገር ሁሉ ከመሀል ወደ ዳር ፈሰሰ፣ ከጆንያ ሥር ገባ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ተሰነቀረ። አንዷ ብቻ ቀረች። የሩዝ ፍሬ የምታክል የእንቁላል ከረጢት ከኋላዋ አንጠልጥላ፣ ረጃጅም ጢሞቿን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች አየሩን ትቀምሳለች። አፍንጬ ጫማዋን አውልቃ ሰነዘረች። ጫማው ወለሉን ሳይነካ በረሮዋ የለችም። ከኋላዋ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጫማው ገፍቶ ያመጣውን ንፋስ ቀድማ ሰምታዋለች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ የእነሱም ማምለጫ ከወደኋላ ነው።

አፍንጬ ጫማዋን መልሳ ለማድረግ ተጠየፈች፤ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ እያነከሰች ወጣች።

ሌላ ጊዜ ያየችው ግን ከዚህም ይብሳል። ጠዋት ማቡኪያው ውስጥ ተነፍቶ በተቀመጠው ሊጥ ላይ አንዲት ቀጭን፣ እሾሃማ እግር ተጣብቃ አገኘች። እግር ብቻ።

«ጋሼ፣ ይሄ እግር ነው። የቀረውስ የት አለ?»

ጋጋሪው መጣ፤ እግሯን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አነሳና በሱሪው ላይ ጠረጋት። «የቀረውማ አምልጧል» አለና የማቡኪያውን ማሽን አስነሳው።

አፍንጬ ወደ ጓሮ ሮጣ ቋቅ አለች። ያን ቀን ዳቦ ስትጠቀልል የደንበኞቿን ፊት ማየት አቅቷት ወረቀቱን ብቻ እያየች ዋለች። እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝና ያን ዕለት ሁለት ገዝቻለሁ። ለስላሳ ነበር።

ጭቅጭቋ ሲበዛበት ጋጋሪው እንደ ማር የሚጣፍጥ መርዝ ገዝቶ በየጥጉ ጠብ ጠብ አደረገ። አፍንጬ የሞቱትንና ሊሞቱ ያሉትን ጠዋት ጠዋት ስትጠርግ ሰነበተች፤ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው፣ እግራቸው እየተንፈራገጠ። ጋጋሪው «አየሽ? አልቀዋል» አለ። እውነትም ለጊዜው ያለቁ መሰሉ። ወራት ሲያልፉ ግን መርዙን የሚነካው ጠፋ። ይጠጋሉ፣ ይቀምሳሉ፣ እንደ ስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ አንነካም ብለው ይመለሳሉ። ስኳር የሚወደው ወገን ሁሉ በልቶ ሞቷል፤ ጣፋጭ የሚያስጠላው ግን ተረፈ፤ እሱው ወለደ፣ እሱው ቤቱን ሞላ።

እህቷ በስንት ልመና አንድ ፍሊት ነፊ አስመጣች። ሰውየው የፍሊቱን ታንክ ከጀርባው አውርዶ ከመደርደሪያው ጎን ገባና ኮምፔርሳቶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ጆሮውን ለጠፈበት።

«ቤታቸው እዚህ ነው» አለ። «ሙቀቱ አለ፣ ጨለማው አለ፣ ፍርፋሪው አለ። የኩሳቸው ሽታ ደግሞ ራሱ ‹ኑ› እያለ ወገናቸውን ይጠራላቸዋል። ይሄ ተነቅሎ፣ ቤቱ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ከላይ ከላይ ብነፋበት ይበተናሉ እንጂ አያልቁም።»

«ልዝጋ? ደንበኛዬ የማዶኛውን ዳቦ ቤት ቢለምድስ?» አለ ጋጋሪው።

«እኔ የማውቀው በረሮውን ነው፤ ደንበኛውን አንተ ታውቀዋለህ» አለና ታንኩን ተሸክሞ ወጣ።

ጋጋሪው ራሱ ፍሊት ገዛ። በኮምፔርሳቶው ስንጥቆች ሁሉ እያስገባ፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ ነፋበት። ሰውየው ያለው አልቀረም። ያ የሚያቃጥል ሽታ ያባረራቸው በቧንቧው ዳርና በደረጃው ሥር አድርገው ወደ ፎቅ፣ ወደ መኝታ ቤት ወጡ።

ፎቁ ላይ የጋጋሪው እናት ይኖራሉ። ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። ፍሊቱ ከተነፋ በኋላ እማማን ምግብ ዘጋቸው። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው ይራመዳል» አሉ።

ልጃቸው «እርጅና ነው» አለ።

«እርጅናማ ድሮም ነበረኝ። ጫማ አድርጎ ሄዶብኝ ግን አያውቅም።»

ማንም አላመናቸውም። ምራቲቱ እንኳን፣ ማለትም የአፍንጬ እህት፣ «ሴትዮዋ መቃዠት ጀመሩ» ብላ ስታዝን ነበር። ቀትር ላይ አፍንጬ ሾርባ ይዛላቸው ወጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማንኪያውን ስታቀርብላቸው ሽታው መጣባት። ከአልጋው አይደለም፤ ከልብሳቸውም አይደለም። ጠጋ አለች። ከጆሯቸው ነው።

«እማማ፣ እስቲ አንዴ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ።»

የሞባይሏን መብራት አብርታ ወደ ጆሯቸው አስጠጋች። ጥልቅ ውስጥ፣ ከሰሙ ማዶ፣ አንድ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ጀርባ አየች። ብርሃኑ እንዳረፈበት ጀርባው ተነቃነቀ። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ። እማማ ጮኹ። የአፍንጬ ገላ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ውርር አለ፤ ሞባይሉም ሾርባውም አንድ ላይ ወለሉ ላይ ወደቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብላ ነበር። አሁን ግን እማማ እጇን ጨምድደው ይዘዋል።

«ምን አየሽ?» አሏት።

«ምንም አይደለም እማማ። ይነሱ፣ ክሊኒክ እንሂድ።»

«እንግዲያው አለ ማለት ነው» አሉ እማማ።

እሷና እህቷ ግራና ቀኝ ደግፈው ክሊኒክ አደረሷቸው። ነርሷ ጉዳዩን እንደሰማች «መብራት አብርታችሁበታል?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ ያበራሁበት» አለች አፍንጬ።

«ብርሃን ሲያገኘው ይገባል እንጂ አይወጣም። ለመዞር ደግሞ ቦታ የለውም። ግድ የለም፣ ብዙ ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርገው። እማማ፣ በጎንዎ ይተኙልኝ።»

ነርሷ ለብ ያለ ዘይት በጆሯቸው ጠብ ጠብ አደረገች። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ሁሉን ነገር ይናገራሉ፦ «አሁን ሮጠ… አሁን እየጫረኝ ነው… ኧረ ይራገጣል… አሁን ደከመው… ቆመ።» ሲቆም ነርሷ በቀጭን መቆንጠጫ ሳበችው። መጀመሪያ አንድ ክንፍ ብቻ ተገነጠለ። ከዚያ የገላው እኩሌታ፣ ከዚያ ቀሪው ከቢጫ ሰም ጋር ተለውሶ ወጣ። ነጭ ጨርቅ ላይ አጋደመችው። በዘይት ተነክሮ፣ ተበጥሶ፣ አንደኛው ጢሙ አሁንም ቀስ እያለ ይወዛወዛል። አፍንጬ ጥግ ያለውን ባልዲ ፈልጋ ጎንበስ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ። እማማ ግን ጨርቁን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ይሄ ነው እንዴ? እኔማ ጎረምሳ መስሎኝ» አሉ።

ጋጋሪው ዱቄት እንደለበሰ ደረሰ። ሁኔታው ተነገረው። እናቱን ‹ተሻለሽ ወይ› ብሎ አልጠየቀም። መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው።

«ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አለ። «ሰው ከጠየቀ የጆሮ ሰም ነው በሉ። እማ፣ ሰምተሽኛል?»

«አሁን ገና ነው መስማት የጀመርኩት» አሉ እማማ።

አፍንጬ በጨርቁ ላይ ያለውንና በሩን ተደግፎ የቆመውን ሰውዬ ተራ በተራ አየች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ያቅለሸለሻት የቆመው ነው። ዱቄት ያለበትን እጁን አየች፤ ያ እጅ ነገ ጠዋት ሊጥ ሲያቦካ ታያት።

ከክሊኒኩ ሲመለሱ መንገድ ላይ ያዘችው። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ዝጋ። ያ ፍሊት ነፊ እንዳለህ ኮምፔርሳቶውን ንቀለው።»

«ጉሮሮዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?»

«እኔን ያሳሰበኝ የሰው ጉሮሮ ነው።»

«ዳቦ በእሳት ነው የሚበስለው። እሳት የማያነጻው ነገር የለም። አርፈሽ ሽጪ!»

እህቷም ክንዷን ይዛ፣ «እባክሽ ገበናችንን አደባባይ አታውጪብን» አለቻት። አፍንጬ እንደገና ልትናገር ብትሞክር ጋጋሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀደማቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ከፊት ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ከእሳቸው ኋላ እኔ። አፍንጬ ለእናትየው የሚሆን ዳቦ አነሳች፤ ገለበጠችና ሥሩን አየች። ቅርፊቱ ውስጥ አብሮ የተጋገረ ጥቁር ነገር ነበረበት። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችንም። ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«አልሸጥልሽም» አለች።

«ለምን?» አለች እናትየው።

«ቆይ፣ ላሳይሽ።»

መደርደሪያውን በትከሻዋ ገፋችው፤ ዳቦዎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። የምድጃውን መቆስቆሻ ብረት አምጥታ ጫፉን በኮምፔርሳቶው ስንጥቅ አስገባችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ሚስማሮቹ ሲጥ አሉ። ጋጋሪው ከውስጥ «አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?» እያለ ሲወጣ፣ ኮምፔርሳቶው ከላይ እስከ ታች ተገንጥሎ ወደቀ።

ግድግዳው ቡናማ ነበር። ቀለም መሰለን። ከዚያ ቀለሙ ተነቃነቀ።

የጠዋት ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ እዚያው ላይ ታርፋለች። እነሱም መሸሻ ፈለጉ፤ ጨለማ ያለው ደግሞ በእኛ በኩል ነው። ከባንኮኒው ሥር፣ ከየዘንቢሉ፣ ከየጫማው፣ ከየሱሪው እግር። ድምፃቸው በወረቀት ላይ እንደሚፈስ ደረቅ ቅጠል ነበር። አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ ትልልቆቹ፣ ክንፍ ያላወጡት ጥቃቅኖቹ፣ እንቁላል የተሸከሙት፣ ቆዳቸውን ገና ገፈው እንደ ሊጥ የነጡት ሁሉ ይጋፋሉ። ሽታው ከዚያ ደረሰ። ያን ጠዋት ሁላችንም አፍንጬ ሆንን።

እናትየው ሕፃኗን ከራሷ በላይ አንስታ እየጮኸች ወጣች። መምህሩ «ገባ! ገባ!» እያሉ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ሱሪያቸውን ይደበድባሉ፤ ያን ያህል ዓመት ስናከብራቸው የኖርን ሰዎች ያን ዝላይ ካየን በኋላ በመንገድ ስናገኛቸው ሰላምታችን ይደናቀፋል። እኔ ከቤት የወጣሁት የትናንቱን ዳቦ በልቼ ነው። የዳቦ ቤቱ መግቢያ ደረጃ ላይ አስመለስኩት።

ጋጋሪው መሀል ቆሞ ግራ ቀኝ ይረግጣል። «ዛሬ ነው የገቡት! ዛሬ ነው!» ይላል። ከጫማው ሥር ክርችም፣ ክርችም ይላሉ።

ዳቦ ቤቱ ታሸገ። ፍሊት ነፊው ተመልሶ መጥቶ፣ ለብዙ ቀናት ሲነቅልና ሲነፋ ከረመ። እህቷ አፍንጬን «ቤቴን አፈረስሽው» አለቻትና ድምፅዋን ነፈገቻት። እማማ ግን ልብሳቸውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ በሰው ተደግፈው አፍንጬ ቤት መጡ። «እኔን ሰም ነው ያለኝ ልጅ ቤት አልቀመጥም» አሉና አልጋውን ያዙ። አፍንጬ አሁን መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። እማማ ያንኮራፋሉ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በውሃ መጠጫ ብርጭቆ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ ጉልበታቸውን የሚቀቡት ቅባት ከበር ውጭ ይሸታል።

«እማማ፣ ይሄ ቅባት ይገለኛል» ትላቸዋለች።

«እስካሁን ሞተሽ አላየሁሽም» ይሏታል።

ዳቦ ቤቱ ከጊዜ በኋላ ተከፈተ። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ሆኗል፤ መደርደሪያው ብረት ነው፤ የሚያስደብቅ ነገር የለም። መጀመሪያ ማንም አልገባ አለ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የትኩሱ ዳቦ ሽታ ወደ መንገዱ መውጣት ሲጀምር፣ ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሁሉም ሌላውን ያያል፣ ሌላው ከገባ ይገባል። መምህሩም ተመልሰዋል። እኔ በበሩ ሳልፍ ምራቄ ይሞላል፣ ወዲያው ደግሞ ያ ቡናማ ግድግዳ ይታየኛል፤ ገና አልወሰንኩም።

እህቷ አንድ ቅዳሜ አፍንጬ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ባዶ እጇን ነው የመጣችው።

«ሰፈሩ ሁሉ ረሳው» አለች። «አንቺስ?»

«እኔ የሚረሳ አፍንጫ የለኝም፣ እታለም። ግቢ ግን።»

እህቷ ገብታ ከእማማ አጠገብ ተቀመጠች። «እውነቴን ነው፤ ሽታው አይታወቀኝም ነበር። እዚያው ውስጥ ስኖር ጠፋብኝ» አለች። እማማ ጆሮ እንዳልሰጡ ሆነው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

አሁን አፍንጬ ልብስ እጥበት ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ሳሙናና እንፋሎት ውስጥ ናት፤ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ገነት ነበር የምታወራልን። በቅርቡ ግን አንድ ነገር አስደነገጣት። አንድ ጠዋት ገብታ ሥራ ጀመረች፤ ሳሙናው አልሸተታትም። እፍኝ ሙሉ ዱቄት ሳሙና አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፤ ምንም የለም። እህቷ የነገረቻት ትዝ አላት።

ከዚያ ወዲህ በሥራ መሀል እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ ውጭ ትወጣለች። ከበሩ ፊት ለፊት የተከፈተ ቦይ አለ፤ ከጎኑ የቆሻሻ ገንዳ። እዚያ ትቆምና ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትስበዋለች። የበሰበሰ ጎመን፣ የሞተች አይጥ፣ የሽንት ቤት ውሃ። ፊቷ ይጨማደዳል፣ ትከሻዋ ይሰበሰባል፣ «እፍ! ኤዲያ!» ትላለች። ሠራተኞቹ በመስኮት እያዩ ይስቁባታል። እሷ ግን ሁሉም በየስሙ መሽተቱን ካረጋገጠች በኋላ ምራቋን ትተፋና ወደ እጥበቷ ትመለሳለች።